አራት ቋንቋ በአንድ ሰዓት፦ ዘፈንና የአውሮፓ ፖለቲካ ቋንቋ ያስተምራሉ ወይ?

ጥያቄ፦ «የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። ከሚሴ ካለችው አያቴ ኦሮምኛ ስሰማ ስላደግሁ ሲነገር ይገባኛል፤ ለመናገር ግን አፍራለሁ። በልጅነቴ ስለቀራሁ የዐረብኛ ፊደል አነባለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅም። በሥራዬ እንግሊዝኛ እጠቀማለሁ። ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ፣ ፖርቹጋልኛና ጀርመንኛ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ለአራቱም እሰጣለሁ። የዓለም ሙዚቃ ስለምወድ ፖርቹጋልኛውን የምማረው ከኬፕ ቨርዴ ዘፈኖች ነው፤ ፈረንሳይኛውንና ጀርመንኛውን ደግሞ የአውሮፓ ፓርላማን ክርክር በማዳመጥ። እስካሁን በአንዱም ሦስት ዓረፍተ ነገር አከታትዬ መናገር አልቻልሁም፤ ቃላቱም ይደባለቁብኛል። አውሮፓውያን አምስትና ስድስት ቋንቋ ሲናገሩ እኔን ምን ነካኝ? ዕድሜዬ አልፎ ነው? አንድ ወዳጄ ኦሮምኛውና ዐረብኛው ቦታ ይዘውብህ ነውና ተዋቸው ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ጉድለቱ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቋንቋ የሚደርሰው 15 ደቂቃ ነው፤ ይህም አንድ ቀን እንኳ ሳይዘለል ሁለት ዓመት ቢቀጥል ለአንዱ ቋንቋ ከ180 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሠልጣኝ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛ ወይም በፖርቹጋልኛ ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ ላይ እንዲደርስ ለረጅም ጊዜ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ሲመድብ ቆይቷል፤ ለጀርመንኛ ከዚህ ይጨምራል፤ ለእኛው አማርኛ ደግሞ 1,100 ሰዓት ያህል ሲመድብ ቆይቷል። ይህ መምህር ፊት ለፊት ሆኖ የሚያስተምርበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሠልጣኙ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያጠናው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። የእርስዎ 180 ሰዓት በአብዛኛው የማዳመጥ ሰዓት ሲሆን፣ መልመጃ የተሠራበት፣ አፍ የተከፈተበትና ስሕተት የታረመበት ጊዜ በጣም ጥቂት እንደሆነ ከጥያቄዎ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሞክረው ያቃትዎ አንድም ቋንቋ የለም፤ አራቱም ገና በሚገባ አልተጀመሩም።

ስለ ዕድሜዎ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከልጅነት በኋላ የሚማር ሰው የባዕድ ቋንቋን ድምፅ ልክ እንደ ተወላጁ አድርጎ ለማውጣት እንደሚቸገር የታወቀ ነው፤ ሰዋስውንና ቃላትን በመያዝ ረገድ ግን አዋቂ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከልጅ ይፈጥናል። ሀያ ሰባት ዓመት ለዚህ ሥራ ገና ማለዳ ነው።

ወዳጅዎ የሰጡት ምክር ግን ጎጂ ስለሆነ በዝርዝር ልመልሰው እወዳለሁ። ቋንቋ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት ጎተራ የለውም፤ ለዚህም ከወሎ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ቅቤ ሻጭ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ንግግሯን እከታተል ነበር። ከደሴ የወጣው ነጋዴ በአማርኛ ሲከራከራት በአማርኛ ትመልሳለች፤ ጎረቤቷ «ሜቃ?» ብላ ዋጋ ስትጠይቃት በኦሮምኛ ትነግራታለች፤ ግመሎቹን ከገበያው ዳር አስሮ የመጣው የአፋር ሰው ሲደርስ ደግሞ ቅቤውን በእንጨት ጫፍ አንሥታ እያስቀመሰችው በአፋርኛ ትቆጥርለታለች። አፋርኛዋ ከሰላምታ፣ ከቁጥርና ከምርቃት እንደማያልፍ ራሷ ነገረችኝ። ሆኖም በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ አንዱን ቋንቋ ለሌላው ሰው ስትናገር አልሰማኋትም። እያንዳንዱ ቋንቋ የሚጠራው ፊትና የሚያገለግልበት ጉዳይ አለው፤ ሳይደባለቅ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚሁ አገር የወሎ መንዙማ አማርኛንና ዐረብኛን በአንድ ስንኝ ውስጥ አስማምቶ ሲይዝ፣ ሊቃውንቱም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። ኦሮምኛውና የቁርኣን ቤቱ ንባብ ከእርስዎ የወሰዱት ነገር የለም፤ እንዲያውም ጆሮዎ ገና በልጅነት ከአማርኛ ውጭ ያሉ ድምፆችን እንዲለይ አድርገዋል።

የሚደባለቅብዎት ነገር ምንጩ ሌላ ነው። እርስ በርስ የሚዋጉት፣ ገና በግማሽ የተማሯቸውና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ቋንቋዎች ናቸው። ጣልያንኛ፣ ፖርቹጋልኛና ፈረንሳይኛ የአንድ እናት፣ የላቲን ልጆች በመሆናቸው ቃሎቻቸው ይመሳሰላሉ፤ ትርጉማቸው ግን አንዳንድ ጊዜ ተለያይቷል። በጣልያንኛ «ቡሮ» ማለት ቅቤ ነው፤ ያው ቃል በፖርቹጋልኛ መጨረሻው ወደ «ቡሩ» ዘንበል ብሎ ሲነገር ትርጉሙ አህያ ይሆናል። ጣልያንኛው «ሳሊሬ» ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ፖርቹጋልኛው «ሳይር» ከአንድ ቦታ ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ ፈረንሳይኛው «ሳሊር» ደግሞ ማቆሸሽ ነው። በአማርኛ የጦሳን ተራራም እንወጣለን፣ ከቤትም እንወጣለን፤ ስለዚህ የእኛ ሰው ሁለቱን «መውጣት» በአንድ ቃል ስለለመደ ጣልያንኛውንና ፖርቹጋልኛውን በአንድ ጊዜ ሲማር ከሌላው ሰው ይልቅ ይደናገራል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ጊዜን ማራራቅ ነው፦ አንደኛው ቋንቋ ሳይታሰብ ከአፍ እስከሚወጣበት ደረጃ ሳይደርስ ወንድሙን አለመጀመር።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። በመጀመሪያ መታረም ያለበት፣ ከኬፕ ቨርዴ ዘፈኖች ሲማሩት የቆዩት ቋንቋ ፖርቹጋልኛ አለመሆኑ ነው። ኬፕ ቨርዴ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋል ሥር የነበረች የደሴቶች አገር ስትሆን የመንግሥቷ ቋንቋ እስከ ዛሬ ፖርቹጋልኛ ነው፤ ሕዝቡ ቤቱ ውስጥ የሚናገረውና ሞርና የተባለው የአገሩ የናፍቆት ዘፈን በአብዛኛው የሚዘፈንበት ቋንቋ ግን ክሪዮሉ ይባላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፈችው የሚንዴሎ ከተማዋ ዝነኛ ዘፋኝ ሴዛሪያ ኤቮራም በአብዛኛው የዘፈነችው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ክሪዮሉ አብዛኛውን ቃሉን ከፖርቹጋልኛ ያገኘ ቢሆንም የራሱ ሰዋስው ያለው ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ናፍቆትንና ትዝታን አንድ ላይ የሚይዘው ቃል በፖርቹጋልኛ «ሳውዳድ»፣ በክሪዮሉ «ሶዳድ» ይባላል፤ ይህ ልዩነት ቀላል ነው። ከባዱ ልዩነት ያለው ግሱ ላይ ነው። በፖርቹጋልኛ እንደ አማርኛችን ግሱ በተናጋሪው ይለዋወጣል፤ «ፋሉ» እናገራለሁ፣ «ፋላሽ» ትናገራለህ፣ «ፋላ» ይናገራል ማለት ነው። በክሪዮሉ ግን ግሱ ባለበት ይቆማል፤ ባለቤቱ የሚታወቀው ከፊቱ በሚመጣው ተውላጠ ስም ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የፖርቹጋልኛ ግስ ማርባት ያልቻሉት ለዚህ ነው፤ የሰሙት ቋንቋ ግሱን አያረባም።

ትክክለኛውን ቋንቋ የያዘ ዘፈን ቢሆን እንኳ ለጀማሪ መምህር ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አለ፤ ይህንንም በራሳችን ዘፈን መፈተን ይቻላል። በአማርኛ «ዋና» ሲጠብቅ ዋና ጉዳይ ነው፣ ሲላላ ውኃ ዋና ነው፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር ነው። አንድ ድምፃዊ በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ቃሉን ስቦ፣ አዙሮና ሰባብሮ ሲጫወተው ይህ መጥበቅና መላላት በዜማው ውስጥ ይሰወራል። እኛ የምንረዳው ቃሉን አስቀድመን ስለምናውቀው ነው፤ አማርኛን ከዚያ ዘፈን ልማር ብሎ የመጣ ባዕድ ሰው ግን ሁለቱን «ዋና» በምንም ዘዴ ሊለያቸው አይችልም። በዚያ ላይ ሰሙንና ወርቁን ይጨምሩበት፤ ወሎ ውስጥ አንድ ስንኝ ፍቅረኛን፣ አገርንና ፈጣሪን በአንድ ጊዜ ሊያነሣ እንደሚችል ያውቃሉ። ፈረንሳይኛም የራሱ ተመሳሳይ ጣጣ አለው። በንግግር የማይሰማው የቃል መጨረሻ አናባቢ በዘፈን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ያገኛል፤ በመንገድ ላይ «ኡን ፕቲት ሮዝ» የተባለችው ትንሽ ጽጌረዳ በባህላዊው አዘፋፈን «ኡነ ፐቲተ ሮዘ» ልትሆን ትችላለች። በእኛ ፊደል ብንገልጸው፣ በንግግር ሳድስ የነበረው በዘፈን ግዕዝ ይሆናል ማለት ነው። ይህን በጆሮው ለምዶ ፓሪስ የሚሄድ ሰው ንግግሩ እንደ ቅዳሴ የተሳበ ይሆናል።

ይህን ስል ዘፈኑን ይጣሉት ማለቴ አይደለም። ዘፈን ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ሁኔታ የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ አስቀድመው የተረዱትን ሐረግ ሳይደክሙ መቶ ጊዜ እንዲደግሙት ያደርግዎታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። ግጥሙን በጽሑፍ ያግኙት፤ በመዝገበ ቃላት ይፍቱት፤ እንደ ተራ ንግግር ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ያዳምጡት። በወር አንድ ዘፈን ይበቃል። ከዚህ ውጭ ያለውን ሙዚቃ፣ ሞርናውንም የፖርቱጋሉን ዘፈን ፋዶውንም፣ እንደ ሙዚቃ ይስሙት፤ ከጥናት ሰዓትዎ ላይ ግን አይቁጠሩት።

የአውሮፓ ፖለቲካ ከዘፈን የተሻለ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም ቃላቱ በየቀኑ ይደጋገማሉ፣ ጉዳዩንም አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የተጠቀሙበት መንገድ ግን ሦስት ስሕተቶች አሉበት። አንደኛው፣ የፓርላማውን ክርክር በፈረንሳይኛ ድምፅ መርጠው ሲያዳምጡ ብዙውን ጊዜ የሰሙት ተናጋሪውን ሳይሆን አስተርጓሚውን ነው። የአውሮፓ ኅብረት 24 የሥራ ቋንቋዎች አሉት፤ ከ2024ቱ እ.ኤ.አ. ምርጫ ወዲህ 720 የሆኑት አባላት አብዛኞቹ በየአገራቸው ቋንቋ ስለሚናገሩ አስተርጓሚው ከተናጋሪው ጥቂት ሰከንዶች ኋላ ቀርቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጦ፣ ደግሞም ጠቅልሎ ያቀርባል። ይህ እጅግ የሚደነቅ ሙያ ነው፤ ለጀማሪ ግን ከተፈጥሯዊው የንግግር ዜማ የራቀ ነው። ሁለተኛው፣ የፓርላማ ንግግር በደረጃ ሲታይ ከመጨረሻዎቹ የሚመደብ ነው፤ ፊደል እንደለየ ወዲያው ቅኔ ማኅሌት እንደመግባት ይቆጠራል።

ሦስተኛው የስም መደናገር ነው። በእኛ መገናኛ ብዙኃን «የአውሮፓ ምክር ቤት» የሚለው መጠሪያ ለሦስት የተለያዩ አካላት ሲያገለግል እሰማለሁ። አንዱ የኅብረቱ 27 አገሮች መሪዎች የሚሰበሰቡበት ነው፤ ሌላው የእነዚሁ አገሮች ሚኒስትሮች ሕግ የሚያጸድቁበት ነው፤ ሦስተኛው ግን ጭራሽ የኅብረቱ አካል ያልሆነ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና መቀመጫው ስትራስቡርግ የሆነ 46 አባል አገሮች ያሉት ድርጅት ነው። ልዩነቱ ለእርስዎ ጉዳይም ያስፈልጋል፤ የቋንቋ ችሎታ ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እና ሲ2 በተባሉ ስድስት ደረጃዎች የሚለካበትን ማዕቀፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይኸው ሦስተኛው ድርጅት ነው።

አውሮፓውያን ሁሉ ብዙ ቋንቋ ይናገራሉ የሚለው እምነትዎም መስተካከል አለበት። የኅብረቱ መሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ያስቀመጡት ግብ እያንዳንዱ ልጅ ከአፍ መፍቻው ሌላ ሁለት ቋንቋ እንዲማር ነው፤ ይህም በብዙ አገሮች ገና ያልተደረሰበት ግብ ነው። አገር ባለ ብዙ ቋንቋ ሲሆን ዜጋውም እንደዚያው ይሆናል ማለት አይደለም። ቤልጅየም ደችኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚነገርባት አገር ብትሆንም አብዛኞቹ ፓርቲዎቿ ሳይቀሩ በቋንቋ ተከፍለው የተደራጁ ናቸው፤ ከ2010ሩ እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላ መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀን ፈጅቶባቸዋል። የባቲዋ ቅቤ ሻጭ ከብዙ የብራስልስ ነዋሪዎች የበለጠ ቋንቋ በቀን ውስጥ ትጠቀማለች።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ከ24ቱ ቋንቋዎች አንዱ ማልትኛ ነው፤ ከኅብረቱ ቋንቋዎች መካከል ሴማዊው እሱ ብቻ ነው፤ ከዐረብኛ የተወለደ ሆኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ደምን «ደም»፣ ሞትን «መውት»፣ ራስን «ራስ»፣ ምላስን «ልስየን» ይለዋል። ልሳን የሚለውን ቃል ለሚያውቅና ዐረብኛ ለቀራ የወሎ ሰው አውሮፓ ውስጥ የተቀመጠ ዘመድ ነው። አሁን አይጀምሩት፤ መኖሩን ብቻ ይወቁ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ጣልያንኛን፣ ፖርቹጋልኛንና ጀርመንኛን ዛሬውኑ ያቁሙና ሙሉውን ሰዓት ለፈረንሳይኛ ይስጡ። በቀን አንድ ሰዓት ሳያቋርጡ ከቀጠሉ በ20 ወር ውስጥ 600 ሰዓት ይሞላል። ፈረንሳይኛን የመረጥሁት ከእንግሊዝኛና ከጀርመንኛ ጋር የአውሮፓ ኮሚሽን የውስጥ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ መጨረሻው ጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ የመንግሥቷ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ፣ የሕዝቧ ቋንቋዎች ሶማልኛና አፋርኛ የሆኑ አገር ናት። እንጀራ ፍለጋ በየጊዜው ወደዚያ የሚመላለስ ሾፌርና ነጋዴ በከተማዎ አይጠፋም፤ የሚለማመዱት ሰው ለማግኘት ፓሪስ መሄድ አያስፈልግዎትም። ጣልያንኛው ግን መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካና ፒያሳ የሚሉ ቃላትን ቀድሞ ስለሰጠን ቀላል ይመስላል፤ ከስሞቹ አልፈው ግሱ ላይ ሲደርሱ ያው እንደ ወንድሞቹ ነው።

ከሰዓቱ ግማሽ የሚበልጠውን በአንድ የመማሪያ መጽሐፍና በመልመጃው ላይ ያውሉት፤ መጽሐፍ አይቀያይሩ። ሩብ ያህሉን ጮክ ብሎ ለመናገር ይስጡት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ስሕተትዎን የሚያርም ሰው ይኑር። ለቀረው ጊዜ የአውሮፓን ፖለቲካ በሚከተለው መንገድ ይጠቀሙበት፦ የዕለቱን ዜና አስቀድመው በዶይቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት ይስሙት፤ ጉዳዩ ከገባዎ በኋላ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበውን የአሥር ደቂቃ ዜና ያዳምጡ። ወሬውን አስቀድመው ስለሚያውቁት ጆሮዎ የሚደክመው በቋንቋው ብቻ ይሆናል። ፓርላማውን ለጊዜው ይተዉት፤ ክርክሩን ያለ ትርጉም ለመከታተል ቢያንስ ቢ2 የተባለው ደረጃ ያስፈልጋል፣ እሱም ከ20 ወሩ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገራሉ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅዎ ማንም ሰው አይክፈሉ፤ ከላይ የጠቀስሁት የሰዓት ሒሳብ ለማንም አይታጠፍም። እንዲሁም ለምስክር ወረቀት ብለው ቶሎ ለፈተና አይመዝገቡ። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ጊዜ ስለሌለው የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ቢ1ን በልምምድ ፈተና ሁለት ጊዜ ሳያልፉ ለክፍያውና ለአዲስ አበባ መንገድ ወጪ አያውጡ።

ፈረንሳይኛው ቢ1 ላይ ከደረሰ በኋላ ሁለተኛ አድርገው ጀርመንኛን ይያዙ፤ ከላቲን ልጆች ስለሚርቅ አይደባለቅብዎትም። ለእኛም የሚመቹ ነገሮች አሉት። ፈረንሳይኛ ለምርጫ ሁለት ቃል ሲጠቀም፣ ማለትም ለመምረጥ «ሿ»፣ ለሕዝብ ድምፅ «ኤሌክሲዮን» ሲል፣ ጀርመንኛ እንደ አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል «ቫል» ይላቸዋል። በጥገኛ ሐረግም ግሱን እስከ መጨረሻው ያቆየዋል፤ ይህ እንግሊዞችን ሲያስጨንቅ የሚኖር ነገር ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ አይከብድም። ፖርቹጋልኛ ሦስተኛ ይሁን። ያን ጊዜ የሚወዱትን ሞርና ሲሰሙ የትኛው ቃል የሊዝበን፣ የትኛው የደሴቶቹ እንደሆነ ራስዎ ይለያሉ።

ኦሮምኛውን በተመለከተ ከአያትዎ ጋር ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በኦሮምኛ ብቻ ይነጋገሩ፤ ስልክም ቢሆን ይበቃል። እየሰሙት የኖሩትን ቋንቋ ወደ አፍ ማምጣት ከባዶ ከመጀመር እጅግ የሚቀል ሲሆን፣ ይህም ከፈረንሳይኛው ሰዓት ላይ ምንም አይቀንስም። ሲሳሳቱ ትሥቃለች፤ ደግሞም ታርምዎታለች።